ስም የማይጠራበት ወር

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ዋሽቼ አላውቅም አልልም፤ የኪሉንግ ወደብ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ይሄኛው ግን ውሸት ከሆነ ነገ የምጎርሰው ሩዝ ጉሮሮዬ ላይ ይቁም።

ቲየንሊ ሽንቱ ወጥሮት ሲነቃ ዓይኑን ይግለጥ ይጨፍን ራሱም አላወቀም። የተኙበት የመርከብ ክፍል መስኮት የለውም። መብራቱ የሚሠራው በሩ አጠገብ ያለው ማስገቢያ ውስጥ ካርድ ሲገባ ነው፤ ካርዱን ደግሞ ከሱና ከወንድሙ ጋር የተሳፈሩት አሮጊት እናቱ «ይጠፋብናል» ብለው ነቅለው ደረታቸው ውስጥ ወሽቀውት ተኝተዋል።

ቲየንሊ ግን አርባ ዓመት በሌሊት ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው፣ ጨለማ አይጨንቀውም። ሲተኛ የሁለቱንም ጫማዎቹን አፍንጫ ወደ መጸዳጃ ቤቱ አዙሮ አስቀምጧል። በእግሩ ዳበሰና አንዱን አገኘ። አፍንጫው ወዳመለከተው በኩል እጁን ዘርግቶ ሄደ።

ያቺን ጫማ ታናሽ ወንድሙ ጂንታንግ ማታ እንዳዞራት አላየም። ወሩ በጨረቃ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ነው፣ ሙታን ተለቀው የሚንከራተቱበት፤ የመርከቡ ቲኬት የረከሰውም ለዚሁ ነው። ሙታን የጫማ አፍንጫ ተከትለው ወደተኛው ሰው ይመጣሉ፤ ስለዚህ አንዱን ጫማ ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርጎ ማምታታት ነው። ጂንታንግ የሁሉንም ጫማ አምታቶ፣ ከግድግዳው በሚዘረጋው ታጣፊ አልጋ ላይ ወጥቶ፣ ተረጋግቶ ማንኮራፋት ጀምሯል።

ቲየንሊ የበር እጀታ መስሎት የጨበጠው አፍንጫ ነበር። ሁለቱ ጣቶቹ ከሥር ባለው አፍ ውስጥ ገቡ። አፉ ግጥም አለ።

አጥንቱ ሲንቋቋ ሰማ፤ ግን አልጮኸም። ከስምንት ዓመት በፊት ሁለቱ ወንድማማቾች በአባታቸው ሬሳ ሳጥን ፊት ተደባድበው የአባታቸውን ፎቶ መስታወት ሰብረዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ተኳርፈው ነው የኖሩት። አሮጊቷ ለሰማንያ አንደኛ ልደታቸው ሁለቱንም ጎትተው መርከብ ላይ ሲያወጡ እንዲህ ብለው ነበር፦ «ሦስት ሌሊት በአንድ ክፍል። ወንድሙ ላይ እጁን ያነሳ፣ እኔ ስሞት ፎቶዬን አይዝም።» ቲየንሊ የበኩር ልጅ ነው። የእናቱን ፎቶ ይዞ ከሬሳው ፊት ያልሄደ የበኩር ልጅ በዚያ ወደብ በምን ፊቱ ይታያል?

«ሊዩ ጂንታንግ» አለ በሹክሹክታ። «ጣቴን ልቀቅ።»

ይህን ማለት አልነበረበትም። በሰባተኛው ወር፣ በጨለማ፣ በባሕር ላይ፣ ሰውን በሙሉ ስሙ የሚጠራው ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ሰምጦ የሞተ ነው፤ በሱ ቦታ የሚተካለት ሰው ይፈልጋል። አቤት ያለ አለቀለት።

ጂንታንግ አቤት አላለም። ጣቶቹን ተፋና እንደ ስሚንቶ ከረጢት ከላይ ወደቀበት።

«እኔ ነኝ! ወንድምህ ነኝ!»

«ወንድሜማ ስሜን ከጠራ ስምንት ዓመቱ» አለ ጂንታንግ፣ መልስ እንዳይሆንበት ለራሱ እየነገረ። «ይሄ ሌላ ነው። ይሄ ውሃ የጠጣ ነው።» የውሃ ማፍሊያውንም አንስቶ የቲየንሊ ግንባር ላይ አሳረፈው።

ቲየንሊ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ቀበረ። አላነሳም። ማፍሊያው ጆሮውን አገኘው፤ ቀጥሎ የአንገቱን አጥንት። አላነሳም። በጉልበት ተመትቶ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲወድቅ አንድ ጥርሱ ምላሱ ላይ ተንከባለለ። ዋጠው። መርከቡ በአንድ ጎኑ ስላዘነበለ ካፒቴኑ ማዕበል የመጣ መስሎት ፍጥነት ቀንሷል፤ ይህንንም የነገረኝ ሰው አለ።

«አንተ ፈሪ፣ ጫማ ነው የምታዞረው?» አለ ቲየንሊ ደም እየተፋ፣ አሁን ገብቶት።

«ጫማዬንም አየው!» አለ ጂንታንግ፤ ይባስ ብሎ ደነገጠ። የነፍስ አድን ጃኬቱን ማሰሪያ ከግድግዳው መንጭቆ አንገቱ ላይ ጠመጠመበት።

ያኔ የቲየንሊ እጆች ሳያስፈቅዱት ወጡ። በጨለማው ውስጥ የወንድሙን ጉሮሮ አገኙ፤ አሥሩም ጣቶች ገቡበት። ጂንታንግ ማሰሪያውን ለቆ ዝም ብሎ ቡጢ መሰንዘር ጀመረ፤ ወዲያም ወዲህም። አንዱ ቡጢ ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ። ከሁለቱም ያልወጣ ቀጭን ድምፅ፣ «ውይ» አለ።

መብራቱ በራ።

አሮጊቷ ካርዱን ማስገቢያው ውስጥ ጨምረው ግድግዳውን ተደግፈዋል። በመካከላቸው ነው ያለፉት። የታች ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ደሙ የልደት ቀን ቀይ ሹራባቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ ቀይ በቀይ ስለሆነ እርጥበቱ ብቻ ነው የሚታየው።

«የቱ ነው የመታኝ?» አሉ።

ቲየንሊ እጆቹን አየ። አሥሩም ጣቶቹ አሁንም የወንድሙ ጉሮሮ ላይ ናቸው። አንድ በአንድ አነሳቸው።

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

እናቱ መጀመሪያ ጣቶቹን፣ ቀጥሎ ጂንታንግ አንገት ላይ የቀረውን የጣት ምልክት አዩ። «እንግዲያው ፎቶዬን ጂንታንግ ይይዛል» አሉ።

በዚህ ጊዜ ጂንታንግ ተነስቶ፣ «ውሸቱን ነው እማ፣ የመታሁሽ እኔ ነኝ» አለ።

ይቺን አንዷን እኔ ነኝ የጨመርኳት፤ ይቅር በሉኝ። ጂንታንግ ትንሿን ማቀዝቀዣ ከፍቶ አንድ ቆርቆሮ የሎሚ መጠጥ አወጣ፣ በካናቴራው ጫፍ ጠቀለለ፣ ተንበርክኮም የእናቱ ከንፈር ላይ ያዘው።