ሦስተኛው ሰደሪያ

ተቆጣጣሪው የጥበቃ ጀልባውን ሞተር አጥፍቶ ጀልባቸውን በገመድ ስቦ ተጠጋቸውና ሰላምታውን ሳይጨርስ ቆጠራቸው። ሦስት ሰው፣ ሁለት የመንሳፈፊያ ሰደሪያ።

እሷና አማቷ ለብሰዋል። ከኋላ መሪውን የያዘው ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ በሸሚዙ ብቻ ነው። ዋና እችላለሁ አለ። ተቆጣጣሪው እዚህ ሐይቅ ውስጥ የሰመጠው ሁሉ ዋና ይችል ነበር ሲል መለሰለት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ባሏ ከሰመጠ ዓመት ከሁለት ወር እንደሆነው፣ ጀልባዋም የእሱ እንደነበረች በምን ያውቃል?

«የእኔን ስጠው ልጄ» አሉ አማቷ። «እኔ አጥንት ብቻ ነኝ፤ ዓሣም አይመኘኝ።»

ተቆጣጣሪው ፈገግ አለ፤ ደብተሩን ግን አላጠፈም። እሳት ማጥፊያውን አየ፣ ፊሽካውን አየ፣ ከዚያ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ሣጥን ክፈትልኝ አለ። ዋርሳዋ ከፈተ። ከታች፣ ከገመዱ ጥቅል ሥር፣ አፉ የታሰረ ማዳበሪያ ነበር።

«እሱ አሮጌ ነው» አለ ዋርሳዋ። «ተወው። ቅጣቱን ጻፍልኝና እንሂድ።»

ሰው ቅጣት ሲለምን ተቆጣጣሪ ይጠረጥራል። ማዳበሪያውን ፈታው።

ብርቱካንማው ቀለም ነጥቷል፤ እሷ ግን ገና ሳይወጣ ለየችው። የባሏ ነው። ውስጡ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሮ ሊጥለው ሲል ከእጁ ነጥቃ፣ ሁለት ቀን ቁጭ ብላ ነበር ያደሰችለት። ጎኑን ተረተረች፣ ፍርፋሪውን አራግፋ በአዲስ ሞላችው፣ መልሳ ሰፋችው። ጥቃቅን ስፌት፣ መጨረሻው ላይ ሁለቴ የተጠመዘዘ ቋጠሮ፤ ሙሽራ ሆና የገባች ሰሞን አማቷ መርፌውን ከእጇ ወስደው እንዳሳዩዋት። ባሏ መስታወት ፊት ለብሶት ሳቀ። «ከእንግዲህስ ውኃው ላይም እተኛለሁ» አለ።

ለብሶት አልወጣም፤ ከመቀመጫው ሥር ደርቆ አገኘሁት ብሎ በቀብሩ ማግስት የነገራት ዋርሳዋ ነው። አማቷም ለለቀስተኛው ሁሉ «ልጄ ቸኩሎ፣ ሳይለብስ ወጣብኝ» ሲሉ ከረሙ። እሷ አላለቀሰችም ማለት ይቻላል። በእጄ ሰፍቼለት እንዴት አይለብሰውም የሚል ቂም ያዘች፤ ዓመቱን ያቆማትም ያ ቂም ነበር።

ተቆጣጣሪው ሰደሪያውን በገመድ አሰረና ውኃው ላይ ጣለው። መሞከሪያው ይኸው ነው፤ ደህናው ይንሳፈፋል።

ትንሽ ተንሳፈፈ። ከዚያ አንዱ ትከሻው ዘመመ፤ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ቀስ ብሎ ወደ ታች ሄደ። ገመዱ ተወጠረ። ተቆጣጣሪው በሁለት እጁ ነው የጎተተው።

«ይኼ ሰደሪያ ሰው አያነሳም» አለ። «ሰው ይዞ ይወርዳል።»

ከስፌቱ ጎን በሰንጢ ስንዝር ያህል ቀደደው። ቢጫ ስፖንጅ ብቅ አለ፤ የፍራሽ ስፖንጅ። ከአልጋቸው ፍራሽ ጥግ፣ ከግድግዳው በኩል፣ እንዳይታወቅ አድርጋ የቆረጠችው። ሲጨምቀው ውኃው በክንዱ ወረደ። ስፖንጅ ውኃ መጠጣቱን ልጅም ያውቀዋል፣ ምን ዓይነት ሰው ነው እዚህ ውስጥ የሚከተው አለ፤ ለራሱ እንደሚናገር ነበር ያለው።

ማሰሪያውን ገልበጥ አደረገ። «ዘለበቱ ደግሞ እንደተቆለፈ ነው። ማሰሪያው ነው በቢላ የተቆረጠው። ይኼ ከሰው ገላ ላይ ነው የወጣው።»

ትንሽ ማዕበል ሁለቱን ጀልባዎች አጋጭቶ አለፈ።

ወደ ዋርሳዋ ዞረች። እሱ ሞተሩን ያያል። ሬሳውን ከውኃ ያወጣው እሱ ነበር፤ ቢላውም የእሱ ነበር። ደርቆ ያገኘው ነገር አልነበረም።

ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን አወጣ። ቅጹ ላይ የሚሞላ ነገር አለ። «ማነው የሰፋው?»

«እኔ» አለ ዋርሳዋ።

ተቆጣጣሪው ወፍራም ጣቶቹን አየ። ስፌቱን አየ። ጻፈ።

እሷ አፏን ከፈተች። የምትለው አንዲት ቃል ናት፤ ዋርሳዋ ያላትን ያችኑ ቃል። ሳትላት አፏን መልሳ ገጠመች። አማቷ ወደ ልጃቸው አልዞሩም። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ከርሟል፤ ሰውን በድምፁ፣ ዕቃን በዳበሳ ነው የሚለዩት።

«ለብሶት ነበር» አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም። እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ ወዲህ በለው።»

ተቆጣጣሪው ሰደሪያውን ጭናቸው ላይ አኖረላቸው፤ ደረሰኝ ቀደደ፣ በደህና ግቡ ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ውኃው በአሮጊቷ ቀሚስ ላይ ተንቆርቁሮ በወለሉ በኩል ወደ እሷ መጣና ጫማዋን ከበባት። እግሯን አላነሳችም።

የአማቷ አውራ ጣት ከብብቱ ጀምሮ በስፌቱ ላይ ይወርዳል፤ ሳይቸኩል፣ አንዱንም ስፌት ሳይዘል። የጥበቃው ጀልባ ድምፅ ሩቅ ሲሆን ጣቱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ቋጠሮውን ነካ፤ አንዴ ዞረው፤ ሁለቴ ዞረው፤ እዚያው ቆመ።