የጂኦግራፊው መምህር በረሃ ወረደ

ይህ ነገር የደረሰው በእኔ ላይ ነው ማለት ስለሚያሳፍረኝ፣ ሰውየውን «መምህሩ» እያልኩ አወራለሁ።

መምህሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምር የአሸዋ ተራራ እንዴት እንደሚፈጠር በጠመኔ እየሣለ አስረድቷል። እውነተኛውን ግን አንድ ቀን እንኳ በዓይኑ አላየም። ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ሚስቱን አስከትሎ ወደ በረሃው ብሔራዊ ፓርክ ሄደ። የፓርኩ ትልቁ የአሸዋ ተራራ ጫፍ ላይ ሳይቆም እንደማይሞት ለጎረቤት ሁሉ አውጆ ነበር።

በሩ ላይ አንድ ዝምተኛ አስጎብኚ ተመደበላቸው። ከመነሳታቸው በፊት ውሃና ባርኔጣ ሲሰጠው መምህሩ እጁን አወናጨፈ።

«የበረሃ ሰው ቀን ላይ ውሃ አይጠጣም። አንብቤያለሁ።»

«የጻፈው ሰውዬ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሆናል» አለች ሚስቱ፣ የራሷን ኮዳ እየከፈተች።

መውጣት ጀመሩ። እግር በተነሳ ቁጥር አሸዋው የእርምጃውን ግማሽ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አጋማሹ ላይ አስጎብኚው ቆም ብሎ መምህሩን አየው።

«አባቴ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ሐሙስ ነዋ!»

ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ፣ «በየት በኩል ነበር የመጣነው?» አለ።

መምህሩ በጣቱ አሳየውና ወደ ሚስቱ ጠጋ አለ። «ጉድ ፈላ! ይሄ ልጅ መንገዱ ጠፍቶታል።»

«ታዲያ እኔን ለምን አይጠይቀኝም?»

«የተማረ ሰው ፊቱ ያስታውቃላ!»

የተማረው ፊት በዚያ ሰዓት ፍም መስሎ ነበር።

«አባቴ፣ ስንት ሆነን ነው የመጣነው?» አለ አስጎብኚው እንደገና።

ሦስት ሰው መቁጠር ያቃተው አስጎብኚ! መምህሩ ከልቡ አዘነ፤ ትንሽም ኮራ። ሰነፍ ተማሪ ሲያይ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

«አንተ ሰውዬ፣ እንመለስ» አለች ሚስቱ።

«አብደሻል? ያው ጫፉ!»

እውነትም መቶ እርምጃ ያህል ነበር የቀረው። መምህሩ ልቡ እንደ ሕፃን ልጅ ዘለለ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። አስጎብኚው ግን ፊቱ ተደቀነ።

«አባቴ፣ እስቲ ስምዎን ይንገሩኝ?»

አሁንስ በዛ። መምህሩ ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ አንድም ሰው ስቆለት የማያውቅ ቀልደኛ ነው፤ ይህን ዕድል አላሳለፈውም።

«ግመል እባላለሁ። ቀኑ የዛሬ ዓመት ነው። የመጣነው በመርከብ፣ ቁጥራችንም አንድ ሺህ!»

ብቻውን ሳቀ። አስጎብኚው እጁን ይዞ አሸዋው ላይ አስቀመጠውና የመገናኛ ሬዲዮውን አወጣ።

«እሰይ! መጥፋቱን አመነ፣ እርዳታ ሊጠራ ነው» ብሎ መምህሩ ሚስቱን ጠቀሳት።

«ቃሬዛ ይዛችሁ ቶሎ ኑ» አለ አስጎብኚው በሬዲዮው፤ «አንድ አባት ፀሐይ አናታቸውን መትቷቸው ይቀባዥራሉ፣ ስማቸውንም ረስተዋል፤ ጫፉ ይቅርና አሁኑኑ እናወርዳቸዋለን።»