የተከራዩ ጣቶች

ምንትዋብ ጎልፍ ተጫዋች ለመሆን ስትፈርም ጣቶቿን ለክለቡ አከራየች። ኮንትራቱ እስኪያልቅ ድረስ ከጎልፍ ዱላ ሌላ ምንም ቢነኩ ይቆለፋሉ።

አንድ ቀን አልጋ የያዘች እናቷ፣ «እስቲ እንደ ድሮው ሹሩባ ሥሪኝ» አለቻት።

«እማዬ፣ ጣቶቼ እኮ እምቢ ይሉኛል።»

«እንግዲያው ዱላሽን አምጪዋ! ብቻ ጭንቅላቴ ኳስ መስሎሽ እንዳትመቺኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። እናቷ ማበጠሪያውን በመቀነቷ ዱላው ጫፍ ላይ አሰረችላት። ምንትዋብም ራቅ ብላ ቆማ ፀጉሯን ቀስ እያለች አበጠረችላት። መጎንጎን ግን አልቻለችም።

«ግድ የለም፣ ኮንትራትሽ ሲያልቅ ትሠሪኛለሽ።»

እናቷ ያን ቀን አልጠበቀችም። ሹሩባውን ለቀብሯ የሠራችላት ጎረቤት ናት።

ዛሬ ኮንትራቱ አልቋል፤ የምንትዋብ ጣቶችም ለሁሉም ሥራ ይታዘዛሉ። የዚያን መቀነት ቋጠሮ ፍቱ ስትላቸው ግን አሁንም እምቢ ይሏታል።