እማማ ሱሚያቲ አልሸጥም ያሉኝ ጨርቅ

ባለቤቴ ራትሪ ልጃችን ጥርስ ሳታበቅል ሞተች።

ልጄን ኪናሲን ደረቴ ላይ በማዘያ አስሬ፣ ሶሎ ከተማ ባቲክ የሚባለው በሰም የሚነቀስ ጨርቅ ኤግዚቢሽን ውስጥ ቆሜያለሁ...

ማዘያው የራትሪ ነው። ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል።

ልጅቷ ደግሞ ያለ እሱ አትተኛም።

ያንኑ ዓይነት ካላገኘሁ ከእናቷ የቀረላት ነገር ሊያልቅ ነው ብዬ ፈርቻለሁ።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ወጣቱ ሻጭ ከስልኩ ቀና እንኳን አላለም።

"ወንድሜ፣ በዓይንህ ብቻ እይ። ልጅቷ ምራቋን እንዳታንጠባጥብብኝ።"

"ይሄን የሚመስል ፈልጌ ነበር..."

"ይሄን? የወለል መወልወያ እዚያ ማዶ ነው የሚሸጠው።"

ወጣሁ።

አጠገቡ እማማ ሱሚያቲ የሚባሉ ሴት አሉ። ከኋላቸው ልክ የራትሪን ማዘያ የመሰለ ጨርቅ ተሰቅሏል... ጥቁር መደብ፣ ትንንሽ ከዋክብት።

"እሱን ይስጡኝ" አልኳቸው።

"ለማን ነው?"

"ለልጄ። ያለ እናቷ ማዘያ አትተኛም። እናቷ... ሞታለች።"

ማዘያውን አዩት። ልጅቷን አዩ። እኔን አዩኝ።

"አልሸጥልህም።"

ያ ወጣት ሰምቶ ሳቀ።

"እማማ፣ ገና በጠዋቱ? የመጀመሪያ ደንበኛ ይመለሳል እንዴ? ገደ ቢስ ሆነው ሊውሉ ነው።"

እኛ ጋ ገበያ የሚከፈተው የመጀመሪያውን ገዢ ገንዘብ ዕቃው ላይ እያስነኩ ነው። እሱን መመለስ ቀኑን መዝጋት ነው።

"አንተ የራስህን ገድ ጠብቅ" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ... "ማዘያውን ፍታ።"

ፈታሁት። ኪናሲ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

እሳቸው ትከሻቸው ላይ የነበረውን ተራ ጨርቅ አውርደው ልጅቷን መልሰው አሰሩልኝ።

"በል ወዲያ ወዲህ በል።"

ተንጎራደድኩ... ትንሽ አለቀሰች... ተወችው...

ተኛች። በማታውቀው ጨርቅ።

እማማ ሱሚያቲ የራትሪን ማዘያ አሸተቱት።

"ልጄ፣ ይሄ የእናቷ ጠረን የለውም። አንተ ላይ ከርሞ አንተን አንተን ነው የሚለው። የምትተኛው በአንተ ጠረን ነው። አዲሱን ብሸጥልህ ውሸት መሸጤ ነው።"

የተኛችውን ኪናሲን አየኋት።

ለካ ያለ ጨርቁ መተኛት ያቃተኝ እኔ ነኝ...

"የእኔን ይዘህ ሂድ። ይሄን የእናቷን አትጨርሰው፣ አስቀምጠው።"

"ስንት ልክፈል?"

"ምን ሸጥኩልህና?"

ሁለቱም ምንም አልሸጡልኝም። አንዱ ለማን እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ እማማ ሱሚያቲ ጠይቀው።

ሻጭ ከሆናችሁ፣ ከዋጋው በፊት "ለማን ነው?" በሉ። ፊት ለፊታችሁ የቆመው ሰው ምን ይዞ እንደመጣ አታውቁም።

እናንተስ... ሳይሸጥላችሁ ያመሰገናችሁት ሻጭ አለ? ጻፉልኝ፣ አነበዋለሁ።

እኔ ያን ቀን ኪናሲን አስተኛሁ። ከዚያ የራትሪን ማዘያ ዘረጋሁና፣ ትከሻዬ ያልነካውን ጫፍ ፈልጌ አሸተትኩት።