ቤቱ እንዲተነፍስ

«መሰኪያውን ነቅለሃል፣ አባዬ?» አለች ሉሲ በስልክ።

«ነቅያለሁ» አለ ታረቀኝ። መሰላሉ ላይ ቆሞ የኮርኒሱን ክዳን በሁለት እጁ ወደ ላይ ገፋው።

ሚስቱ አሰገደች በአንድ እጇ መሰላሉን ይዛ፣ በሌላው ስልኩን ወደ እሱ ከፍ አድርጋ ቆማለች። ደረቷ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል። ሐምሌ ነው፤ የደጋዋ ቡሌ ጉም ጓሮ ያለውን እንሰት ውጦ መስኮቱ ድረስ ደርሷል።

ኮርኒሱ ውስጥ ያለውን ሣጥን የሠራችው ልጃቸው ሉሲ ናት፤ ዲላ ኤሌክትሪክ ታስተምራለች። በአንዱ ቱቦ የቤቱ ሞቃትና ርጥብ አየር ይወጣል፣ በሌላው የውጭው ንጹሕ አየር ይገባል። ሣጥኑ ውስጥ በተደረደሩ ስስ የአሉሚኒየም ሉሆች መካከል ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ይተላለፋሉ፤ የሚወጣው ሙቀቱን ለሚገባው ትቶ ይሄዳል። «ተሰናባች እንግዳ ጋቢውን አውልቆ ለመጪው እንደሚያለብስ ማለት ነው» ብላ ነበር ያስረዳቻቸው።

አባቷ ያን ቀን ስቋል። «ለቤት ደግሞ ሳንባ ልትገጥሚለት? እኔ ያደግሁበት የቀርከሃ ቤት ማን ማሽን ገጠመለት?»

«እሱማ በየስንጥቁ ይተነፍስ ነበር። ይኼኛውን በሲሚንቶ የደፈንነው እኛ ነን።»

አዲሱን ቤት ከሠሩ ወዲህ መስኮቱ ሲከፈት ብርዱ፣ ሲዘጋ ግድግዳው ላይ የሚበቅለው ጥቁር ሻጋታ አሰገደችን በየተራ ያንቋት ነበር። ሣጥኑ ሲገጠም ሻጋታው ደረቀ፣ ሳሏም ለቀቃት። እስከዚህ ሳምንት። አሁን በቀዳዳው የሚገባው አየር አጥንት ይሰብራል።

«አቧራ የሚያጣራውን ስፖንጅ አጥበን መለስነው» አለች አሰገደች ትንፋሿን እየቆራረጠች። «ምንም ለውጥ የለም።»

«መውጫው ላይ ወረቀት ስታስጠጉ አልሳበውም አላችሁኝ አይደል? እንግዲያው የታፈነው የሚወጣው አየር ነው። ሙቀት የሚሰጠው ከሌለ የሚገባው ከየት ይሙቅ?» አለች ሉሲ። «አባዬ፣ ሉሆቹን ከነማቀፊያቸው ማውጣት አለብህ። ከከበደህ ተወው። ነገ መኪና ለምኜ እመጣና እማዬን ዲላ አወርዳታለሁ።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። አምና ክረምት አሰገደች ዲላ እህቷ ቤት ወርዳ ነበር። የዲላ ሙቀት ደረቷን አሽሎታል፤ ስትመለስ ግን ታረቀኝን ያገኘችው በቁሙ፣ ከትናንት የተረፈ ቆጮ እያኘከ ነበር። አልጋውም እሷ እንዳነጠፈችው ሰንብቷል። ወንበር ላይ ሲያድር መክረሙን ጎረቤት ነው የነገራት።

«ማነው ከበደኝ ያለው?» አለ ታረቀኝ፤ እጁንም ሣጥኑ ውስጥ አስገባ።

ማቀፊያው ሲወጣ ቀዝቃዛ ውሃ አንገቱ ላይ ተደፋ፣ በሸሚዙም ውስጥ ወረደ። «ኧረ ውሃ ሞልቶታል!» ብሎ ጮኸ።

«አገኘኸው! ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛውን ሲነካ ያልበዋል። የላቡ መውረጃ ቱቦ ተደፍኖ ነው። ጫፉ በውጭ በኩል፣ በጣሪያው ክፈፍ ሥር አለ።»

ታረቀኝ ካፖርት እንኳ ሳይደርብ ወጣ። አሰገደች በመስኮቱ አየችው፤ ዝናብ እየመታው ቀርከሃ ሰንጥቆ አቀጠነ፣ ቱቦው ውስጥ ሰድዶ ቀስ እያለ አሽከረከረው። የደረቀ ጭቃ ጓል ዱብ አለ፤ ተከትሎትም ውሃው ተንዠቀዠቀ። «ተርብ ቤት ሠርታበታለች!» ሲል ሰማችው፤ ድምፁ አደን እንደቀናው ሰው ነበር።

ሉሆቹን በሳፋ፣ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አብረው አጠቡ። ታረቀኝ ብርጭቆ ሲያለቀልቅ የሚሰብር ሰው ነው፤ አሰገደችም ስንት ዓመት በዚህ ስቃበታለች። ዛሬ ግን እነዚያ እንሰት ሲነቅሉ የሻከሩ ጣቶች በስሱ ብረት መካከል ሲሄዱ አንዲቷንም ሉህ አላጣመሙም። ከንፈሩን ነክሶ፣ በየመካከሉ እያጮለቀ፣ ውሃውን እፍ እያለ አራገፈ።

እንደገና መሰላሉ ላይ ወጣ።

«ማቀፊያው ላይ የተሣለው ቀስት ወዴት ያመለክታል?» አለች ሉሲ።

«ወደ በሩ።»

«ወደ መስኮቱ አዙረው።»

አዞረው። ማቀፊያው ቀጭ ብሎ ገባ። ታረቀኝ ቆም ብሎ ተነፈሰና፣ «አንቺ ልጅ» አለ፣ «ይሄን ሁሉ ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ደጋግሜ አበላሽቼ ነው፣ አባዬ። የመጀመሪያው ሣጥን የላብ መውረጃ አልነበረውም። ሁለተኛው ይጮህ ነበር፣ እማዬን እንቅልፍ ይነሳታል ብዬ ጣልኩት።»

ታረቀኝ ሉሲ የወንድ ሙያ መረጠች ብሎ ዓመት ሙሉ ያኮረፈ አባት ነው። በተመረቀችም ቀን የተናገረው «እንግዲህ ይቅናሽ» የሚል ብቻ ነበር። አሁን ውሃ ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ ስልኩን ቁልቁል አየውና፣ «ጎበዝ ነሽ» አለ። ቀጥሎም ፊቱን በእጅጌው ጠረገና፣ «በጣም ጎበዝ» አለ።

«ሰኩት እስኪ» አለች ሉሲ፣ ቀጠን ባለ ድምፅ።

አሰገደች ሰካችው። የሣጥኑ ማራገቢያዎች ተንጠራርተው ተነሡ፤ ከዚያ እንደ ሩቅ የንብ ቀፎ እምም ማለት ጀመሩ። መዳፏን ወደ ቀዳዳው ዘረጋች። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበር። ቆይቶ ብርዱ ሰበር አለ። ከዚያ ለዘብ ያለ፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት አየር ጣቶቿን አልፎ ፊቷ ላይ ወረደ፤ እሷም ሳታስበው እስከ ሆዷ ድረስ ሳበችው።

«ሠራ? አባዬ? እማዬ፣ ሠራ ወይ?»

ታረቀኝ ከመሰላሉ አልወረደም። እርጥብ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ለአየሩ ሰጥቶ ቆሟል። አሰገደች ድምፁ ለልጇ እንዲሰማት ስልኩን አንሥታ ወደ ቀዳዳው አስጠጋችው። ሉሲ መጠየቋን ተወች፤ ስልኩን ግን አልዘጋችም።