የእማማ ሞድ የፖም ዛፍ

በዚያ ዓመት ነገር ሁሉ ተገለባበጠ። በየካቲት ሻማ ይዞ መዞር ቀረ፤ በጾሙ መግቢያ ግንባር ላይ አመድ መቀባትም ቀረ። ፀደይ ሳይገባ ደግሞ የእንግሊዙ ብላቴና ንጉሥ አዋጅ ዴቨን አውራጃ ደረሰ፤ የቅዱሳን ምስል ሁሉ ከየቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ይቃጠል ተባለ።

የደብሩ ገበዝ ጊልበርት ምስሉን ለማስረከብ በሩን ሲከፍት፣ የቅድስት ማርጋሬት ቦታ ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ወላዶች የሚማጸኗት፣ ከእንጨት የተጠረበች ምስል ነበረች። የንጉሡ ሹም ብዙ አልተናገረም። እስከ እሑድ ካልተገኘች ወህኒ የሚወርደው ቁልፍ ያዡ ነው አለና ሄደ።

ጊልበርት እንቅልፍ አጣ። በማግስቱ ሲመሻሽ አዋላጇን እማማ ሞድን አያቸው። ሻማቸውን በነጠላ ጨርቅ ከልለው ከጓሯቸው የፖም ዛፍ ሥር ተንበርክከዋል።

ምስሏን እዚያ የቀበሯት መሰለው፤ አፉ ግን ተሳሰረበት። ባለፈው መከር፣ እሱ ለበግ ገበያ ኤክሰተር ከተማ ሄዶ ሳለ፣ ሚስቱን ሲሲሊን ያዋለዱለት እኚሁ ሴት ናቸው። እንደነገሩት ሕፃኑ አንዴ ተንፍሶ አረፈ። ውሃ አፍስሰው አጠመቁት፤ ጊልበርት አስቀድሞ የገዛለትን ሰማያዊ ቆብ አድርገውለት፣ ቄሱ በንዳድ ተኝቶ ስለነበር ራሳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጥግ ቀበሩት። ሞቶ የተወለደና ክርስትና ያልተነሳ ቢሆን ኖሮ ከቅጥሩ ውስጥ መሬት አያገኝም ነበር። ጊልበርት በየእሑዱ ከትንሿ ጉብታ ፊት ባርኔጣውን ሲያወልቅ እማማ ሞድን ያመሰግናል። ሲሲሊ ግን አንድም ቀን ወደዚያ አልሄደችም። ሐዘኑ ከብዷት ነው ብሎ ትቷታል።

ያየውን ሲነግራት ፊቷ ነጣ።

«ተዋቸው፣» አለችው። «አሮጊት ናቸው። ሻማቸውን ያብሩ።»

«እኔስ? ወህኒ ልበስብስልሽ?»

«ቢያስሩህ ስንቅ አመላልስልሃለሁ። ያንን ዛፍ ግን አታስነካ።»

ከባሏ ይልቅ ለወዳጇ ያዘነች መሰለውና ቅር አለው።

እሑድ ጠዋት፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ ሹሙንና አንድ ቆፋሪ ወደ እማማ ሞድ ጓሮ መራ። የገዛ እግሩ አሳፈረው።

«እማማ፣ ምስሏን ይስጧቸውና ይገላገሉ፣» አለ ቀና ሳይል።

«ምስል የለኝም፣ ልጄ። አታስቆፍር። ስለ እኔ ብዬ አይደለም የምለምንህ።»

«አፍሬያለሁ፣ እማማ። ግን ሚስት አለችኝ።»

ቆፋሪው አካፋውን ሰካ። ሲሲሊ ሮጣ መጥታ አጥሩን ያዘች። ወዲያው የመንደሩ ባለወፍጮ እያለከለከ ደረሰ። ምስሏ ከወፍጮው ግድብ ውስጥ ተገኝታለች፤ አዋጁን የሰሙ ጎረምሶች በመስኮት ገብተው፣ ለቀልድ ወርውረዋት ኖሯል። ሹሙ ቁፋሮው እንዲቆም አዘዘ።

ጊልበርት የሚገባበት ጠፋው። እማማ ሞድ እግር ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ።

«ቀድሞም ጨርቅ ነው እንጂ እንጨት አልነካሁም፣» አለ ቆፋሪው፣ በአካፋው ጫፍ ያወጣውን ጭቃ እያራገፈ።

ጨርቁ ትንሽ ሰማያዊ የሕፃን ቆብ ነበር፤ ጊልበርት ከገበያ የገዛው።