የደጊቱ ቅቤ

እሜቴ ሐረገ ወይን ከሌላዋ ቅቤ ሻጭ ከማሬ ፊት ቆመው ቅቤዋን ይቀምሳሉ። እኔ ከቅቤዬ ኋላ ሆኜ፣ የማላይ መስዬ፣ ምንም ሳያመልጠኝ አያለሁ።

«የደጊቱ ቅቤ! ዋጋው የወረደ!» ትላለች ማሬ፣ ያለ አንዳች ሀፍረት።

ደጊቱ እናቴ ናት። አርባዋ ገና መውጣቱ ነው። ፀጉሬን የተላጨሁላት፣ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ስቤ በቦታዋ የተቀመጥኩት እኔ ልጇ ብርቱካን ነኝ። ማሬ ግን ቅቤዋን እንደ እናቴ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ እንደ እናቴ በልጥ አስራ፣ ዋጋውን ቀንሳ ከፊት ለፊቴ ተደላድላለች። ቋጠሮው ቁርጥ የእናቴ ነው። ለካ ለቅሶ ቤት ስትመጣ ዓይኗ ከማጀታችን አልነሣ ያለው ለዚህ ኖሯል።

ቅቤዋ መጥፎ ቢሆን በወደድኩ። ጠዋት ሰው ልኬ አስመጥቼ ቀምሼዋለሁ። ጥሩ ነው፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

የወገዳ ገበያ ሴቶች «ነፍሷን ይማር፣ ልጄ» እያሉኝ ቅቤዬን ነካ ነካ አድርገው ወደ ማሬ ሲያልፉ ነው የዋሉት። እሜቴ የአጥቢያ ዳኛው ባለቤት ናቸው፤ እሳቸው የገዙበት ሌላው ይከተላል። እሳቸውም እዚያ ከገዙ ይህን ቦታ መልቀቄ ነው። እናቴ ስትቀመጥበት የኖረችው ድንጋይ ለስልሶ መስተዋት መስሏል። ከእሱ ተነሥቼ መሄድ እሷን ዳግመኛ መቅበር ነው፤ ለዚያ ደግሞ አቅሙ የለኝም።

«ሸጋ ነው» ይላሉ እሜቴ ጣታቸውን እየላሱ።

ማሬ ልታስርላቸው ልጥ ስትመዝ እሳቸው ዘወር ብለው ወደ እኔ ይመጣሉ። በቅሏቸውን የያዘው አሽከር ይከተላቸዋል።

«እንዴት ዋልሽ፣ ብርቱካን?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንዴት ዋሉ፣ እሜቴ?»

ተለቅ ያለውን ቋጠሮ በሁለት እጄ እሰጣቸዋለሁ። ተቀብለው ያቅፉታል፤ ሂሳቡን አሽከሩ ይከፍላል። እሳቸው ግን አይሄዱም። ምራቂ የሚጠብቁ መስሎኝ በቅጠል ላይ ጨመር አድርጌ ብዘረጋላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው እያየ እግሬ ሥር ቁጢጥ ይሉና ሻሻቸውን ፈትተው አንገታቸውን ይደፋሉ።

ሽበታቸውን አይቼ አላውቅም ነበር። እደነግጣለሁ።

«ምነው እሜቴ? አመመዎት እንዴ?»

«እናትሽ አልነገረችሽም?»

«ምኑን? የማሬ ቅቤ ሸጋ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ታዲያ ምን ፈልገው መጡ?»

«ደግሞ ቅቤ ፈልጌ መጣሁ ያለሽ ማነው?» ይላሉ፣ አንገታቸውን እንደ ደፉ። ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «የበኩር ልጄን የቀበርኩ ሰሞን እዚህ መጥቼ ነበር። ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። እናትሽ ሻሼን ፈትታ አናቴን ቀባችኝ። ከዚያ ወዲህ በመጣሁ ቁጥር እንዲሁ ታደርግልኝ ነበር። ቤቴ ሰው ሞልቶኛል፤ ግን ሁሉም ይፈራኛል፣ ራሴን የሚነካ የለም።»

እናቴ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ቅቤ ማጠብ አስተምራኛለች። ቅጠል መምረጥ፣ ልጥ ማለስለስ፣ ቋጠሮውን፣ ሁሉንም። ይህን ግን አልነገረችኝም። ከንግዱ አልቆጠረችውም መሰለኝ።

ቅቤ ቆንጥሬ በመዳፎቼ መካከል አሞቀዋለሁ። አናታቸው ላይ አሳርፈዋለሁ።

«ጫን አድርጊው» ይላሉ። «እሷ ጫን ታደርገው ነበር።»

ጫን አደርገዋለሁ። ትከሻቸው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ማሬ መጣራቷን ትታለች።

«መዳፍሽ እንደ እሷ ነው» ይላሉ ሲነሡ። አሁን እንባዬ ይመጣል፤ አልከለክለውም።

ሻሻቸውን ያስራሉ። የሚሄዱ ሲመስለኝ አሁን የገዙትን ቋጠሮ ይፈቱታል። ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገለጥ ያደርጉታል። የተላጨ ራሴን ነፋስ ይነካዋል፤ ልሸፍነው ብል እጄን ይይዙኛል።

«ሐዘኑ ይበቃሻል፣ ልጄ። ፀጉርሽ ይደግ።»

ቅቤ ቆንጥረው አናቴ ላይ ያሳርፋሉ፤ መዳፋቸው ሙቅ ነው። ጫን ያደርጉታል።

በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሲሄዱ ጠዋት ያለፉኝ ሴቶች ወደ እኔ መመለስ ይጀምራሉ። ፀሐዩ ከሯል፤ ቅቤው ቀልጦ በጆሮዬ ሥር ወደ አንገቴ ይወርዳል። አልጠርገውም።